ስለ እንቁራሪት እጭ እና ስለ እንስሳት የአካል ለውጥ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከእንቁላል እስከ ጎልማሳ ድረስ እንቁራሪትና ሌሎች እንስሳት ስለሚያልፉበት ለውጥ ተማሪዎች፣ ወላጆችና መምህራን ደጋግመው ለሚያነሷቸው ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች ከዚህ በታች ቀርበዋል።

እጭ ምንድን ነው? ሜታሞርፎሲስ የሚባለውስ?

እጭ ማለት ከእንቁላል ተፈልፍሎ የወጣ፣ ወላጆቹን በመልክም በአኗኗርም የማይመስል፣ ይሁን እንጂ ራሱን ችሎ የሚንቀሳቀስና አብዛኛውን ጊዜ ራሱን የሚመግብ ለጋ እንስሳ ነው። ሜታሞርፎሲስ ደግሞ ይህ እጭ የሰውነቱን ቅርጽ፣ የውስጥ አካላቱንና የአኗኗሩን መንገድ በአንጻራዊ አጭር ጊዜ ውስጥ ለውጦ ወደ ጎልማሳ ቅርጹ የሚሸጋገርበት ሂደት ነው። ጥጃ ሲያድግ ላም ይሆናል፤ ነገር ግን ጥጃው ገና ሲወለድ አራት እግር፣ ሳንባና ሆድ ስላለው በእሱ ላይ የሚታየው እድገት ብቻ ነው። የእንቁራሪት እጭ ግን እግር አልባ ሆኖ ተፈልፍሎ፣ በስንጥብ እየተነፈሰና በጭራው እየዋኘ ከቆየ በኋላ በአራት እግሩ ወደ መሬት ይወጣል።

እጭን ገና ተሠርቶ ያላለቀ ጎልማሳ አድርጎ ማሰብ የተለመደ ነው። ይህ አስተሳሰብ ነገሩን ያዛባል። እጭ የራሱ አፍ፣ የራሱ አንጀት፣ የራሱ የመተንፈሻ መንገድና የራሱ ጠላቶች ያሉት፣ ለሚኖርበት ቦታ በሚገባ የተስማማ ሙሉ እንስሳ ነው። ከዚህ በታች ያሉትን መልሶች ለመረዳት ይህን መያዝ ብዙ ይረዳል።

በኩሬ ውስጥ የሚታዩት ጥቁር ባለ ጭራ ፍጥረታት ዓሣ ናቸው ወይስ የእንቁራሪት ልጆች?

ራሳቸውና ሆዳቸው አንድ ላይ የተድቦለቦለ፣ ቅርፊት የሌላቸው፣ ጭራቸው ቀጭንና ግልጽ በሆነ ቆዳ የተከበበ ከሆነ የእንቁራሪት ወይም የጉርጥ እጮች ናቸው፤ በትምህርት ቤት መጻሕፍት ታድፖል ተብለውም ይጠራሉ። ዓሣ ከራሱ በኋላ የሚለይ አንገት ባይኖረውም ሰውነቱ ረዘም ያለ ነው፤ በጎንና በጎኑም በቀጫጭን አጥንት የተደገፉ ክንፎች አሉት። የእንቁራሪት እጭ እንዲህ ያሉ ክንፎች የሉትም። በስንጥብ መተንፈሱና በጭራ መዋኘቱ ከዓሣ ጋር ቢያመሳስለውም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የእንቁራሪት አስተኔዎች፣ ማለትም የእንቁራሪት፣ የጉርጥና የመሳሰሉት እንስሳት፣ ወገን ነው።

እንቁላሎቹንም መለየት ይቻላል። በአብዛኛው እንቁራሪቶች ዝልግልግ በሆነ ክምር መልክ ይጥላሉ፤ ጉርጦች ደግሞ እንደ መቁጠሪያ በተሰካ ረጅም ክር መልክ በውሃ ውስጥ ባሉ ተክሎች ላይ ይጠመጥሙታል።

ከእንቁላል እስከ እንቁራሪት ያሉት ደረጃዎች የትኞቹ ናቸው?

አዲስ የተፈለፈለው እጭ በመጀመሪያዎቹ ቀናት በተክል ወይም በእንቁላሉ ዝልግልግ ላይ ተጣብቆ በሆዱ ውስጥ ያለውን የእንቁላል አስኳል ይጠቀማል። በራሱ ጎንና ጎን የወጡ ላባ መሰል ስንጥቦች ይታያሉ፤ ብዙም ሳይቆይ ቆዳ ይሸፍናቸውና ውስጣዊ ይሆናሉ። ከዚያ በኋላ ረጅሙ የመብላትና የማደግ ጊዜ ይመጣል። በዚህ ጊዜ መጠኑ እንጂ መልኩ ብዙም ስለማይለወጥ ኩሬውን የሚመለከት ሰው ምንም የተከናወነ ላይመስለው ይችላል።

ቀጥሎ የኋላ እግሮች ከጭራው ሥር እንደ ትንሽ እብጠት ብቅ ይላሉ፤ ቀስ ብለውም ጣት ያወጣሉ። የፊት እግሮችም በዚያው ጊዜ ያድጋሉ፣ ነገር ግን ስንጥቡን በሚሸፍነው ቆዳ ሥር ተደብቀው ስለሆነ አይታዩም፤ ከተዘጋጁ በኋላ ቆዳውን ቀድደው በድንገት ይወጣሉ። የፊት እግሮቹ ሲወጡ የለውጡ ጣሪያ ደረሰ ማለት ነው፤ በቀጣዮቹ ጥቂት ቀናት ውስጥ አፉ ይሰፋል፣ ዓይኖቹ ከፍ ብለው ይወጣሉ፣ ጭራው ያጥራል። ተመራማሪዎች ስለ አንድ ዓይነት ደረጃ መነጋገራቸውን ለማረጋገጥ ሂደቱን በቁጥር ከፋፍለውታል፤ እ.ኤ.አ. በ1960 ጎስነር ያቀረበው ሠንጠረዥ ከእንቁላል እስከ ሙሉ ለውጥ ድረስ 46 ደረጃዎች ያሉት ሲሆን እስካሁን በሰፊው ያገለግላል።

ለውጡ ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል?

እንደ ዝርያው፣ እንደ ውሃው ሙቀትና እንደ ምግቡ መጠን በእጅጉ ይለያያል። በሰሜን አሜሪካ በረሃማ ቦታዎች ዝናብ ባቆረው ውሃ የሚራቡ አንዳንድ እንቁራሪቶች ኩሬው ከመድረቁ በፊት መውጣት ስላለባቸው በስምንት ቀን ገደማ ሊጨርሱ ይችላሉ። በአውሮፓ የተለመደው ቡናማ እንቁራሪት ሦስት ወር አካባቢ ይወስድበታል። ቡልፍሮግ የሚባለው ትልቁ የአሜሪካ እንቁራሪት በቀዝቃዛ አካባቢ ሁለት የብርድ ወቅቶችን በእጭነት ሊያሳልፍ ይችላል።

ቀዝቃዛ ውሃ ሂደቱን ያዘገየዋል። ስለዚህ በደጋ ምንጭ ውስጥና በቆላ ኩሬ ውስጥ የተጣሉ እንቁላሎችን በአንድ የቀን አቆጣጠር መከታተል አያዋጣም።

እጮቹ ምን ይበላሉ?

አብዛኞቹ በድንጋይና በቅጠል ላይ የሚበቅለውን አልጌና የበሰበሰ ነገር በመፋቅ ይመገባሉ። ለዚህም ከጥፍርና ከፀጉር ጋር አንድ ዓይነት ከሆነው ከኬራቲን የተሠራ ጠንካራ ምንቃርና ረድፍ ረድፍ የሆኑ ጥቃቅን መፋቂያዎች በአፋቸው ላይ አሉ። በኢትዮጵያ ደጋማ ውሃዎችም የሚገኙት ጥፍራም የውሃ እንቁራሪቶች፣ ማለትም ዜኖፐስ የሚባሉት፣ እጮቻቸው ይህ ምንቃር የላቸውም፤ ውሃውን በአፋቸው እያስገቡ በውስጡ ያለውን ደቂቅ ነገር ያጠልላሉ፣ ከአፋቸው ዳርና ዳርም ሁለት ረጃጅም ጢም መሰል ነገሮች ይታያሉ። ሥጋ የሚበሉ፣ አልፎ ተርፎም እርስ በርሳቸው የሚበላሉ እጮችም አሉ።

ጭራው ወድቆ ይቀራል ወይስ ወዴት ይሄዳል?

አይወድቅም። እጩ ከውስጥ ሆኖ ጭራውን ያፈርሰዋል፣ የፈረሰውንም መልሶ ይጠቀምበታል። ትእዛዙ ሲደርስ በጭራው ውስጥ ያሉት የጡንቻ፣ የቆዳና የነርቭ ሕዋሳት በሥርዓት ይሞታሉ፤ ሕዋሳቱን አንድ ላይ የያዘውን ኮላጅን የሚባለውን ጠንካራ ፕሮቲን የሚቆርጡ ኢንዛይሞች ይመነጫሉ፤ በላዔ ሕዋሳትም ፍርስራሹን ይጠርጋሉ። በዚህ ጊዜ የእጩ አፍ ከፋቂነት ወደ አዳኝነት እየተቀየረ ስለሆነ እንስሳው ለጥቂት ቀናት መብላት አይችልም። ከጭራው የሚገኘው ንጥረ ነገር በዚህ የጾም ወቅት ያግዘዋል።

ይህ ትንሽ ጭራ ለሕክምና ሳይንስ ያበረከተው ነገር ትልቅ ነው፤ ሊነገርለትም ይገባል። ካርል ፎክት የተባለው ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1842 በአንድ የአውሮፓ እንቁራሪት እጭ ለውጥ ላይ ባደረገው ጥናት ሕዋሳት በእድገት መካከል እንደሚሞቱና በሌሎች እንደሚተኩ ገልጿል፤ ዛሬ በካንሰር ጥናት ውስጥ ትልቅ ቦታ ያለው በሥርዓት የሚፈጸም የሕዋስ ሞት ዕውቀት ከቀደምት ምንጮቹ አንዱ ይህ ነው። ጀሮም ግሮስና ሻርል ላፒየር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1962 ኮላጅንን የሚቆርጠውን ኢንዛይም ያገኙት በዚሁ በሚጠፋው ጭራ ውስጥ ነው። ያ የኢንዛይም ወገን በሰው ልጅ ቁስል መዳን ላይም ሆነ በመገጣጠሚያ በሽታ ላይ የሚሳተፍ ሆኖ ተገኝቷል።

ከውጭ የማይታይ ምን ይለወጣል?

ከሚታየው ይልቅ የማይታየው ይበልጣል። አልጌ የሚፈጨው ረጅምና የተጠመጠመ አንጀት በእጅጉ አጥሮ ሥጋ ለሚበላ እንስሳ ተስማሚ ሆኖ እንደ አዲስ ይሠራል፤ በዜኖፐስ ላይ እጥረቱ እስከ ሦስት አራተኛ ይደርሳል። ስንጥቡ ጠፍቶ ሳንባና ቆዳ የመተንፈሱን ሥራ ይረከባሉ። በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን እንኳ በእጭ ጊዜ ከነበረው ዓይነት ወደ ጎልማሳው ዓይነት ይቀየራል።

ጉበትም ሥራውን ይለውጣል። በውሃ ውስጥ የሚኖር እጭ ከሰውነቱ የሚወጣውን መርዛማ አሞኒያ በቀጥታ ወደ ውሃው ይለቅቀዋል፤ በመሬት ላይ ግን ይህ ስለማይቻል ጉበቱ አሞኒያውን ወደ ዩሪያ መቀየር ይጀምራል። ጭራን ለማወዛወዝ የተዘጋጀው የነርቭ መዋቅርም አራት እግርን ለማዘዝ እንደገና ይደራጃል። ይህ ሁሉ የሚከናወነው እንስሳው በሕይወት እያለ፣ ልቡ እየመታ፣ ከጠላትም እየሸሸ ነው።

ለውጡን የሚያስጀምረው ምንድን ነው?

ዋናው አዛዥ ከታይሮይድ እጢ የሚመነጨው ሆርሞን ነው። ይህ የታወቀው ፍሪድሪክ ጉደርናች እ.ኤ.አ. በ1912 ባሳተመው ሙከራ ነው፤ ለእንቁራሪት እጮች የተለያዩ የአጥቢ እንስሳት አካላትን መግቦ ሲያነጻጽር የታይሮይድ እጢ የበሉት እጮች ገና ትንንሽ ሳሉ በፍጥነት ወደ ደቃቃ እንቁራሪትነት ተለወጡ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ አሜሪካዊው ቤኔት አለን ነገሩን ከሌላኛው አቅጣጫ አረጋገጠ፤ ታይሮይዳቸውን ያስወገደላቸው እጮች ከመጠን በላይ ግዙፍ እስኪሆኑ ድረስ ቢያድጉም በእጭነታቸው ቀሩ።

አስደናቂው ነገር አንድ ሆርሞን በአንድ ሰውነት ውስጥ ተቃራኒ ሥራዎችን ማዘዙ ነው። ለጭራው ሕዋስ «ሙት» የሚለው መልእክት ለእግሩ ሕዋስ «እደግ» ይሆናል፣ ለጉበቱ ሕዋስ ደግሞ «ሥራህን ቀይር»። ልዩነቱ በመልእክተኛው ላይ ሳይሆን መልእክቱን በሚቀበለው ሕዋስ ላይ ነው፤ እያንዳንዱ ሕብረ ሕዋስ ሆርሞኑን ሲቀበል የሚያነቃቸው ጂኖች የተለያዩ ናቸው። እያንዳንዱ የሰውነት ክፍል ሆርሞኑን የሚሰማበት መጠንም ስለሚለያይ እግር ቀድሞ ያድጋል፣ ጭራ መጨረሻ ላይ ይጠፋል፤ እጩ እግር ሳያወጣ ጭራውን ቢያጣ መዋኘትም መራመድም አይችልም ነበር። ኩሬው መድረቅ ሲጀምር ደግሞ ከጭንቀት ጋር የተያያዙ ሆርሞኖች ይጨምሩና የታይሮይዱን ሥራ በማጠናከር ለውጡን ያፋጥኑታል።

የታይሮይድ ሆርሞን ያለ አዮዲን አይሠራም። በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች ለረጅም ዘመን የታየው እንቅርትና አዮዲን ያለው ጨው እንድንጠቀም የሚሰጠው ምክር ከዚሁ እጢ ጋር የተያያዙ ናቸው። በሰውም ዘንድ ይኸው ሆርሞን ከልደት በፊትና በኋላ ባለው ጊዜ ለአንጎል እድገት እጅግ አስፈላጊ ነው።

ዝናብ ሲያባራ በድንገት የሚታዩት ብዙ ትናንሽ እንቁራሪቶች ከሰማይ የወረዱ ናቸው?

በቅርብ ካለ ኩሬ ወይም የውሃ ጉድጓድ የወጡ ናቸው። በአንድ ሰሞን የተጣሉ እንቁላሎች በተቀራራቢ ጊዜ ስለሚለወጡ በመቶና በሺህ የሚቆጠሩ ግልገሎች በአንድ ሳምንት ውስጥ ለመውጣት ይዘጋጃሉ። ቆዳቸው ቀጭንና በቀላሉ የሚደርቅ በመሆኑ መሬቱ እስኪርስ ድረስ በውሃው ዳር ይቆያሉ፤ ዝናብ ሲጥል ሁሉም በአንድ ጊዜ ይበተናሉ። ለዚህ ነው ከዝናቡ ጋር የመጡ የሚመስሉት።

በክፍል ውስጥ ወይም በቤት ውስጥ እጮችን ማሳደግ ይቻላል?

ይቻላል፤ ለልጆችም ከዚህ የሚሻል የሥነ ሕይወት ትምህርት ጥቂት ነው። ጥቂት እጮችን ብቻ ሰፋ ባለ ዕቃ ውስጥ ከራሱ ከኩሬው ውሃ ጋር ማስቀመጥ፣ ዕቃውንም ቀጥተኛ ፀሐይ በማያገኘው ቦታ ማኖር ይገባል። የቧንቧ ውሃ ከተጨመረ ክሎሪኑ እንዲወጣ ቢያንስ አንድ ቀን ክፍት ሆኖ መቆየት አለበት። ፈላ ባለ ውሃ ለስለስ ያለ የሰላጣ ቅጠል በትንሹ ይሰጣቸዋል፤ የተረፈው ሲበሰብስ ውሃውን ስለሚመርዘው በየጊዜው መነሣት አለበት።

ብዙ ሰው የሚስተው አንድ ነገር አለ። የፊት እግሮች ብቅ ሲሉ ስንጥቡ እየጠፋ ስለሆነ እንስሳው ከውሃው መውጫ ካላገኘ ሰምጦ ይሞታል። ስለዚህ ከውሃው ከፍ የሚል ድንጋይ ወይም ዘንበል ያለ እንጨት አስቀድሞ መቀመጥ አለበት። የተለወጡት ግልገሎች ሕይወት ያለው ጥቃቅን ነፍሳት ስለሚፈልጉ በቶሎ እጮቹ ወደተወሰዱበት ኩሬ መመለስ አለባቸው፤ ወደ ሌላ ኩሬ መውሰድ የማይገባበት ምክንያት በመጨረሻው መልስ ላይ ተገልጿል።

ሁሉም እንቁራሪቶች በውሃ ውስጥ በእጭነት ያልፋሉ?

አያልፉም። በፖርቶ ሪኮ ደሴት የምትኖረው ኮኪ የተባለች ትንሽ እንቁራሪት እንቁላሏን በምድር ላይ ትጥላለች፤ የእጭነቱ ጊዜ በእንቁላሉ ውስጥ አጥሮ ያልቅና ሙሉ ቅርጽ ያላት ደቃቃ እንቁራሪት ትፈለፈላለች። በደቡብ አሜሪካ ፒፓ የምትባለው ጉርጥ እንቁላሎቿን በጀርባዋ ቆዳ ውስጥ ቀብራ ትይዛቸዋለች፣ ግልገሎቹም ከዚያው ቀድደው ይወጣሉ። በምዕራብ አፍሪካ በኒምባ ተራራ የምትኖር ጉርጥ ደግሞ ጽንሶቿን በማሕፀኗ መግባ የተለወጡ ግልገሎችን ትወልዳለች።

ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው በባሌ ተራሮች የምትገኘው አልቲፍሪኖይዲስ ማልኮልሚ የተባለች ትንሽ ጉርጥ ናት። በዓለም ላይ የምትገኘው በኢትዮጵያ ብቻ ሲሆን፣ የምትኖረውም ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነ ቀዝቃዛ ደጋ ነው። የአብዛኞቹ እንቁራሪቶችና ጉርጦች እንቁላል ከእናቲቱ ሰውነት ውጭ የሚዳብር ሲሆን የእርሷ ግን በውስጥ ይዳብራል፤ እንቁላሎቿን የምትጥለው በእርጥብ መሬት ላይ ነው፤ እጮቹም ኩሬ ሳይነኩ፣ ከእናታቸው ባገኙት አስኳል ብቻ እየተመገቡ በእርጥበቱ ውስጥ ይለወጣሉ። ይህች ጉርጥ በውሃ ውስጥ በእጭነት በማለፍና ግልገል በመውለድ መካከል ያለውን መንገድ የምታሳይ በመሆኗ ተመራማሪዎች ትልቅ ዋጋ ይሰጧታል። በኢትዮጵያ ከሚገኙት ከ60 በላይ የእንቁራሪት አስተኔ ዝርያዎች ብዙዎቹ በሌላ አገር የማይገኙ ናቸው። ስለ ዋልያና ስለ ቀይ ቀበሮ የምንናገረውን ያህል ስለ እነዚህ አለመናገራችን ያሳዝናል፤ መኖሪያቸው በግጦሽና በደን ምንጣሮ ሲጠፋ የሚጮህላቸው የለምና።

ዕድሜውን ሙሉ እጭ ሆኖ የሚቀር እንስሳ አለ?

አለ። በሜክሲኮ ሲቲ አቅራቢያ በሶቺሚልኮ ሐይቅና ቦዮች የሚኖረው አክሶሎትል የተባለው ሳላማንደር (እንሽላሊት መሰል ባለ ጭራ የእንቁራሪት አስተኔ) ላባ መሰል ስንጥቦቹንና የጭራውን ዙሪያ ቆዳ እንደያዘ ያድጋል፣ እንቁላል ይጥላል፣ ያረጃል። በ1860ዎቹ እ.ኤ.አ. ወደ ፓሪስ ተወስደው በነበሩ አክሶሎትሎች ላይ ኦጉስት ዱሜሪል የተመለከተው ነገር ግን ሊቃውንቱን አስገረመ፤ ከዘሮቻቸው አንዳንዶቹ ስንጥባቸውን ጥለው ወደ ምድር ሳላማንደርነት ተለወጡ። ለውጡን የማከናወን ችሎታ በሰውነታቸው ውስጥ ተኝቶ ነበር ማለት ነው። ዛሬም ለአክሶሎትል የታይሮይድ ሆርሞን ቢሰጠው ይለወጣል።

በመጠን ረገድ ደግሞ በደቡብ አሜሪካ የምትኖረው ፕሴውዲስ የተባለች እንቁራሪት ልዩ ናት። እጯ እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ሊረዝም ሲችል ጎልማሳዋ ሰባት ሴንቲ ሜትር አካባቢ ብቻ ናት፤ ልጅ ከእናት ይበልጣል።

የቢራቢሮና የአንበጣ ለውጥ ከእንቁራሪት ለውጥ ጋር አንድ ነው?

ስሙ አንድ ይሁን እንጂ በሁለቱ ወገኖች ለየብቻ የተገኘ፣ በተለያዩ ሆርሞኖች የሚመራ ነገር ነው። በነፍሳት ዘንድ ቆዳ መጣልንና ለውጥን የሚያዝዘው ኤክዳይሶን የሚባል ሆርሞን ነው፤ ቡተናንትና ካርልሰን እ.ኤ.አ. በ1954 ሆርሞኑን ለይተው ለማውጣት 500 ኪሎ ግራም የሐር ትል ፑፓ (በእጭና በጎልማሳ መካከል ያለው ደረጃ) ተጠቅመው ያገኙት 25 ሚሊ ግራም ብቻ ነበር። ሁለተኛው ሆርሞን ነፍሳቱን በልጅነት የሚያቆይ ነው፤ እርሱ ከፍ ብሎ ሳለ ቆዳ የጣለው እጭ ትልቅ እጭ ይሆናል፣ እርሱ ሲቀንስ ግን ወደ ለውጥ ይገባል።

ነፍሳት ራሳቸው በሁለት መንገድ ይለወጣሉ። ቢራቢሮ፣ ንብ፣ ጥንዚዛ፣ ዝንብና ትንኝ በአራት ደረጃ ያልፋሉ፤ እነዚህም እንቁላል፣ እጭ፣ ምንም ሳይበላ የሚቆየው ፑፓ እና ጎልማሳ ናቸው። አንበጣና በረሮ ግን የፑፓ ደረጃ የላቸውም። ከአንበጣ እንቁላል የሚወጣው ኩብኩባ ክንፍ የሌለው ቢሆንም መልኩ ከአንበጣ ብዙም አይርቅም፤ የበረሃ አንበጣ ኩብኩባ አምስት ጊዜ ቆዳውን ጥሎ በመጨረሻው ክንፍ ያወጣል።

አባ ጨጓሬ በፑፓ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ይቀልጣል ይባላል፤ እውነት ነው?

ከፊሉ እውነት ነው። የአባ ጨጓሬው ጡንቻዎችና ሌሎች ብዙ ሕብረ ሕዋሳት ይፈርሳሉ፤ ሆኖም ሁሉም ነገር ፈሳሽ አይሆንም። ክንፍ፣ እግርና አንቴና የሚሆኑት የሕዋስ ጥቅሎች አባ ጨጓሬው ቅጠል ሲበላ በነበረበት ጊዜም በውስጡ ነበሩ፤ ሆላንዳዊው ያን ስዋመርዳም በ17ኛው ክፍለ ዘመን አባ ጨጓሬን ሰንጥቆ የቢራቢሮ አካላት ጅምር በውስጡ እንዳለ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2013 ሕያው ፑፓዎችን በሲቲ ስካን የተከታተሉ ተመራማሪዎችም የመተንፈሻ ቱቦዎቹ በሂደቱ ሁሉ እንደሚታዩ አረጋግጠዋል።

የነርቭ ሥርዓቱም እንደገና ይደራጃል እንጂ አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2008 በአሜሪካ የታተመ ሙከራ የአንድ የእሳት እራት አባ ጨጓሬዎችን ከአንድ ሽታ እንዲሸሹ አሠልጥኖ ነበር። ሥልጠናውን በመጨረሻው የእጭነት ደረጃ ላይ የወሰዱት ክንፍ አውጥተው ከወጡ በኋላም ያንኑ ሽታ ሲሸሹ ታይተዋል፤ ቀደም ብለው በሠለጠኑት ላይ ግን ይህ አልታየም።

እጭነትን ማወቅ ለገበሬና ለጤና ባለሙያ ምን ይጠቅማል?

እጅግ ይጠቅማል፤ ብዙ ተባይ የሚሸነፈው በእጭነቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 በኢትዮጵያ የታየው መጤ ተምች በቆሎን የሚጎዳው በእጭነቱ ሲሆን፣ ትንሽ ሳለ በቅጠሉ ላይ ስለሚገኝ መልቀምም ሆነ መድኃኒት መርጨት ውጤት አለው፤ ካደገ በኋላ ወደ በቆሎው እምብርት ስለሚገባ መድኃኒቱ አይደርስበትም። ፑፓው በአፈር ውስጥ ስለሚቆይ ማሳን ማረስ ከፊሉን ለፀሐይና ለወፍ ያጋልጠዋል። እ.ኤ.አ. በ2019 እና በ2020 በደረሰው የበረሃ አንበጣ ወረራ ወቅትም ባለሙያዎች ኩብኩባው ክንፍ ከማውጣቱ በፊት እንዲደረስበት የተጣደፉት አንዴ ከበረረ በኋላ መንጋውን መከተል እጅግ ስለሚከብድ ነው።

የወባ ትንኝ እጭ ከውሃው ገጽ ጋር ተጋድሞ ይተኛል፤ የሌሎች ብዙ ትንኞች እጭ ግን ራሱን ዝቅ አድርጎ ዘንበል ብሎ ይንጠለጠላል። እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪ ደሀር ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በኢትዮጵያ የተመዘገበው አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተባለው የወባ ትንኝ በከተማ የውሃ ማጠራቀሚያ ውስጥ ስለሚራባ በርሜልና ጋን መክደን፣ በየሳምንቱም ውሃውን ማፍሰስና ዕቃውን ማጠብ እጩ ትንኝ ሳይሆን ያቆመዋል።

በባሕር ውስጥም እንዲህ ያለ ለውጥ አለ?

በባሕር ውስጥም እጅግ የተለመደ ነው። የባሕር ኮከብ እጭ ግራና ቀኙ እኩል የሆነ ደቃቃ ዋናተኛ ሲሆን ጎልማሳው ባለ አምስት ክንድ ይሆናል። ጠፍጣፋ ዓሦች ሲፈለፈሉ እንደ ማንኛውም ዓሣ ግራና ቀኝ ዓይን አላቸው፤ ሲለወጡ አንደኛው ዓይን ራሳቸውን ተሻግሮ ወደ ሌላኛው ጎን ይሄዳል፤ ይህንንም የሚያዝዘው ያው የታይሮይድ ሆርሞን ነው። እንደ እባብ የረዘመው ኢል የተባለው ዓሣ እጭ እንደ ቅጠል የተለጠጠና ግልጽ ስለሆነ ለረጅም ጊዜ ሌላ ዝርያ መስሎ ይመዘገብ ነበር፤ ጣሊያናውያኑ ግራሲና ካላንድሩቾ በ1890ዎቹ እ.ኤ.አ. አንድ እንስሳ መሆኑን እስኪያሳዩ ድረስ።

አሲዲያን የሚባሉት በድንጋይ ላይ ተጣብቀው የሚኖሩ ከረጢት መሰል እንስሳት ደግሞ እጫቸው የእንቁራሪት እጭ የሚመስል፣ በጭራው ውስጥ የጀርባ ዘንግ ያለው ነው። ሩሲያዊው ኮቫሌቭስኪ እ.ኤ.አ. በ1866 ይህን በማሳየቱ የቀንድ አውጣ ወገን ተደርገው ይቆጠሩ የነበሩት እንስሳት የባለ አከርካሪዎች ዘመድ መሆናቸው ታወቀ። ጎልማሳው ሊነግረን ያልቻለውን እጩ ነገረን።

ሜታሞርፎሲስ ዝግመተ ለውጥ ነው?

አይደለም። ሜታሞርፎሲስ በአንድ እንስሳ የሕይወት ዘመን ውስጥ የሚፈጸም ሲሆን ዝግመተ ለውጥ በብዙ ትውልዶች ውስጥ በሕዝበ ዝርያው ላይ የሚከማች ለውጥ ነው። የእንቁራሪት እጭ ወደ እንቁራሪት ሲለወጥ ጂኖቹ አንድ ናቸው፤ የሚለዋወጠው የትኞቹ ጂኖች በየትኛው ጊዜ እንደሚሠሩ ነው። «እጩ ዓሣ የነበሩትን አያቶቹን ታሪክ ይደግማል» የሚለው አባባልም ትክክል አይደለም፤ የእጩ ምንቃርና የተጠመጠመ አንጀት በየትኛውም አያት ዓሣ ላይ ያልነበሩ፣ ለእጭነት ኑሮ የተገኙ ናቸው።

እንዲህ ያለ አድካሚና አደገኛ ሂደት ለምን ጸና የሚለው ጥያቄ ግን የዝግመተ ለውጥ ጥያቄ ነው። በሰፊው ተቀባይነት ያለው ማብራሪያ ልጅና ወላጅ በአንድ ምግብና በአንድ ቦታ ላይ አለመሻማታቸው ነው፤ እጩ ዝናብ የሞላውን ኩሬና ፈጥኖ የበቀለውን አልጌ ተጠቅሞ ያድጋል፣ ጎልማሳው በምድር ላይ ነፍሳትን ያድናል። የሚከፈለው ዋጋ በሽግግሩ ላይ ነው፤ ጭራም እግርም ያለው እንስሳ ጥሩ ዋናተኛም ጥሩ ዘላይም ባለመሆኑ በእባብና በወፍ በብዛት ይበላል።

እጮቹ በኩሬው ሞልተው እያሉ እንቁራሪቶቹ የሚጠፉት ለምንድን ነው?

በዓለም ዙሪያ ብዙ እንቁራሪቶችን የጨረሰው ኪትሪድ የሚባለው ፈንገስ ከዋና ምክንያቶቹ አንዱ ነው፤ በሽታ አምጪነቱ የታወቀው በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ሲሆን በኢትዮጵያ እንቁራሪቶች ላይም ተገኝቷል። ፈንገሱ የሚያጠቃው ኬራቲንን ነው። የእጩ ኬራቲን ያለው በአፉ ላይ ብቻ በመሆኑ እጩ ፈንገሱን ይዞ፣ ምንቃሩ ቢጎዳም፣ በሕይወት ሊቆይ ይችላል። ሲለወጥ ግን መላ ቆዳው ኬራቲን ስለሚያወጣ ፈንገሱ ወደ ሰውነቱ ሁሉ ይስፋፋል፤ እንቁራሪት በቆዳዋ ውሃና ጨው የምታመጣጥን ስለሆነች ቆዳዋ ሲበላሽ ልቧ ይቆማል። በዚህ ምክንያት ኩሬው በእጭ ተሞልቶ ጤናማ መስሎ ሳለ ከለውጡ በኋላ የሚተርፍ ጥቂት ሊሆን ይችላል።

ሌሎች ምክንያቶችም አሉ። ኩሬው ለውጡ ከመጠናቀቁ በፊት ሊደርቅ፣ ወይም ከማሳ የታጠበ የተባይ መድኃኒት ሊገባበት ይችላል፤ በዳርቻው ያለው ሣርና ቁጥቋጦ ሙሉ በሙሉ ከተጋጠም ግልገሎቹ የሚጠለሉበት ያጣሉ። በግለሰብ ደረጃ ሊደረግ የሚችለው እጮችን ከአንድ ኩሬ ወደ ሌላ አለማዛወር፣ ከአንዱ ውሃ ወደ ሌላው ከመሄድ በፊት ቦት ጫማና መረብን አጥቦ በፀሐይ ሙሉ በሙሉ ማድረቅ፣ በኩሬው ዳር ጥቂት ሜትር ሣር ሳይታጨድ መተው ነው።